ወንድሜ ችሎት ፊት አምኖ ተፈረደበት፤ ይግባኝ ማለት ይችላል ወይ?

ይህን ጥያቄ እዚህ መወያያ ገጽ ላይ የለጠፍኩት ማክሰኞ ሌሊት ነው፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ። ታናሽ ወንድሜ ሹፌር ነው። አይሱዙ ይነዳል። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ አንድ እግረኛ ገጨ። ሰውየው እዚያው አረፉ። ወንድሜ አልሸሸም። መኪናውን ዳር አስይዞ፣ የአካባቢውን ሰው ጠርቶ፣ ትራፊክ ፖሊስ እስኪመጣ ከአስከሬኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ ጠበቀ።

ችሎት ሲቀርብ ጠበቃ አልነበረውም። ክሱ ተነበበለት። እምነት ክህደቱን ተጠየቀ። አመነ። በዚያው ቀን ጥፋተኛ ተባለ፤ በቀጠሮው 3 ዓመት ከ2 ወር ተፈረደበት። ከችሎቱ በፊት የሰፈር ሽማግሌዎች መክረውት ነበር። አትከራከር፣ እመን፣ ይቀልልሃል ብለውታል። እሱም ሰው ሞቶ ቆሞ መከራከር ነውር መሰለው።

የፍርዱን ግልባጭ ልጠይቅ ስሄድ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ካመነ ይግባኝ የለውም ብሎ መለሰኝ። ሌላ የሚጠየቅ ሰው አላወቅሁም። ስለዚህ እዚህ ጠየቅሁ። ያመነ ሰው ይግባኝ ይላል ወይስ አይልም?

መልሱ 46 ደረሰ። አሁንም በየቀኑ አዲስ ሰው እየገባ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። ስለዚህ መልሶቹን በየቁጥራቸው፣ በራሴ ቃል አስቀምጫቸዋለሁ። ሁሉንም እኩል አልተረክሁም። አንዳንዱ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ይከብዳል፤ አንዳንዱ በአንድ መስመር ያልቃል።

1ኛው መልስ ከአንዲት እናት ነው። መጀመሪያ ለሟች ነፍስ ይማር አሉ። ቀጥለው ለወንድሜ ጸለዩ። ስለ ሕጉ ምንም አላሉም። ግን ከሁሉ በፊት ሟቹን ማስታወሳቸው ልቤን ነካው። እኔ በጥያቄዬ ስለ ሟቹ የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

2ኛው ቁርጥ ያለ ነው። በገዛ አፉ ያመነ ሰው ምን ይግባኝ አለው የሚል። 3ኛው ይህን ደግፎ፣ ሁሉም ቅጣቱን ከሰማ በኋላ እየተጸጸተ ከመጣ ፍርድ ቤት የሚባል ነገር እንደማይኖር ጻፈ። ሲነበብ ያማል። ግን ብዙ ሰው በልቡ የሚያስበው ይህንን ነው።

4ኛው ሁሉን ነገር ቀየረው። ጸሐፊው በሙያቸው ጠበቃ ናቸው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ግማሽ እውነት ነው የነገረሽ አሉኝ። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 185 መሠረት፣ ጥፋተኛነቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው በጥፋተኛነት ፍርዱ ላይ ይግባኝ ማለት አይችልም። በቅጣቱ ላይ ግን ይችላል። የተዘጋው አንዱ በር ነው፤ ሌላው ክፍት ነው። ከዚያ ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን ጠየቁኝ። ቆጠርኩት። 9 ቀን አልፎታል። አንቀጽ 187 ይግባኝ መጠየቂያ ማስታወቂያ ለማስገባት የሚሰጠው 15 ቀን ነው። ግልባጩ እጅ ከገባ በኋላ ደግሞ ዝርዝር የይግባኝ ማመልከቻ ለማቅረብ 30 ቀን አለ። ስድስት ቀን ቀርቶሻል፣ ክርክሩን ለሌላ ጊዜ አቆይተሽ ነገ ጠዋት ማስታወቂያውን አስገቢ አሉ።

በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ሄድኩ። አስገባሁ። እሳቸው ያን ሌሊት ባይመልሱልኝ ኖሮ፣ እኔ ይቻላል አይቻልም እያልኩ ስጠይቅ ቀኑ ያልፍ ነበር። በዚህ ክር ውስጥ፣ ማለትም በዚህ የጥያቄና መልስ ሰንሰለት ውስጥ፣ ለሌላ ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብባል ይህንን ነው የምመርጠው።

5ኛው በትሕትና የተጻፈ ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ለዓመታት የሠራ ሰው፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኞችን እንዳንፈርድባቸው ለመነ። ቀኑን ሙሉ በመስኮት ወረፋ ይቆምባቸዋል፤ የሕግ ምክር እንዲሰጡም አልተቀጠሩም። እውነቱን ነው። ስለዚህም መጠየቅ ያለበት ሌላ ሰው ነው።

6ኛዋ ሴት ናት። አባቷ ልክ እንደዚህ በመኪና አደጋ ነው የሞቱት። ገጭው ክዶ፣ ተከራክሮ፣ ምስክር አጥፍቶ ነጻ ወጥቷል። የእኔን ጥያቄ ስታነብ እጇ እንደተንቀጠቀጠ ጻፈች። አንድ ሰው እንኳ ሳይክድ፣ ሰው ገድያለሁ ብሎ ሲቆም ልቧ ትንሽ አርፎ ነበር። አሁን ያንን ቃል ልታስነሱ ነው ወይ አለችኝ። ስለ ሟቹም ጠየቀችኝ፤ ልጆች አሏቸው? ሚስታቸው በሕይወት አሉ?

7ኛው የእኔ መልስ ነው። መልስ መባሉም ይከብዳል። ይቅርታ ጠየቅኋት። ሟቹ የአራት ልጆች አባት እንደነበሩ፣ ለቀብሩ አቅማችን የፈቀደውን እንዳደረግን፣ ሽማግሌ ልከን እርቅ እንደወረደ ጻፍኩ። ወንድሜ እንዲክድ እንደማልፈልግ፣ ያላጠፋው ጥፋት ካለ ግን ያም እንዲታይ ብቻ እንደምሻ ነገርኳት። እሷም ለብዙ ቀን ዝም አለች።

8ኛው ከሐዋሳ የጻፈ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው። የጻፈው ረጅም ነው፤ ሁለቴ አነበብኩት። ከዓመታት በፊት በምሽት ሲነዳ፣ ከፊቱ የሚመጣ መኪና ረጅም መብራት ለቆበት ዓይኑ ጠፋ። በዚያች ቅጽበት ሰው ገባበት። ሰውየው ተረፈ እንጂ እሱም ያምን ነበር። ምክንያቱም የገጨ ሰው በዚያ ሰዓት ሕግ አያስብም፤ የሚያስበው ስለ ደሙ ነው። ከዚያ አንድ ጠቃሚ ጥያቄ አነሳ። ትራፊክ ፖሊስ ያነሳው ፕላን መዝገቡ ውስጥ አለ ወይ? የፍሬኑ ምልክት ከየት እንደጀመረ፣ ሰውየው የወደቁበት ቦታ ከዜብራው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ መንገዱ መብራት እንደነበረው ፕላኑ ላይ ይታያል። ወንድሜ ስላመነ ያንን ፕላን ማንም ሳያየው ቀርቷል።

ከ9 እስከ 11 ያሉት ስለ ሽማግሌዎች ተጣሉ። አንዱ እመን የሚሉ ሽማግሌዎች ስንቱን ልጅ ማረሚያ ቤት እንዳስገቡ ጽፎ ተቆጣ። ሌላው ሽማግሌ ባይኖር ኖሮ የሟች ወገን ደም ይመልስ ነበር፣ ሹፌሩም ባልተረፈ ነበር ብሎ መለሰ። ሦስተኛው ሁለቱንም ተሳደበና መልሱ ተነሳ። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው እላለሁ። ሽማግሌዎቹ እርቁን አውርደዋል፤ እድሜ ይስጣቸው። ግን የእርቁ ቃል ችሎት ሲገባ ሌላ ትርጉም እንደሚይዝ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ይህንን ከሁሉ በተሻለ ያስረዱት በ12ኛው መልስ አንድ የሕግ መምህር ናቸው። ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል አሉ። ተከሳሽ የሚጠየቀው እምነት ክህደት ይባላል። እኛ ዘንድ ክህደት ከባድ ቃል ነው። እግዚአብሔርን መካድ፣ እንጀራ ያበላን ሰው መካድ፣ አደራ መካድ። ጨዋ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ሰው፣ ሰው ሞቶ ካድ ሲባል ሰውነቱ እምቢ ይለዋል። በሕጉ ቋንቋ ግን መካድ ማለት መዋሸት አይደለም። ዐቃቤ ሕግ ያለውን ያስረዳ ማለት ብቻ ነው። ሌላም አከሉ። አዎ ገጭቻለሁ ማለት አንድ ነገር ነው፤ በቸልተኝነት ገድያለሁ ማለት ሌላ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 57 በድንገተኛ አጋጣሚ የደረሰን፣ ጥፋት የሌለበትን ድርጊት አይቀጣም። ወንድሜ የተከሰሰበት አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2 ግን በሙያው ምክንያት ጥንቃቄ ማድረግ የነበረበት ሰው በቸልተኝነት ሲገድል ነው የሚሠራው። ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ነው። የሰው መሞት ብቻውን ወንጀሉን አያሟላም። ቸልተኝነቱ መኖር አለበት።

ይህን ሳነብ ወንድሜ እስር ቤት ሆኖ ያለኝን አስታወስኩ። እንዴት እክዳለሁ፣ ደሙ እጄ ላይ እያለ ብሎኛል። እሱ የመለሰው የዳኛውን ጥያቄ አልነበረም። የሕሊናውን ጥያቄ ነው የመለሰው።

13ኛው ነገሩን አደባለቀው። ፖሊስ ደብድቦ ያስፈረመው ቃል ሁሉ ውድቅ ነው፣ በዚያ ግቡ አለ። ጠበቃው በ14ኛው አረሙት። ለፖሊስ የተሰጠ ቃል ሌላ፣ ችሎት ፊት የተሰጠ የእምነት ቃል ሌላ ነው። በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ይናገራል። ይህ ትልቅ ጥበቃ ነው። ወንድሜን ግን ማንም አልነካውም። ያልሆነውን ሆነ ብሎ ይግባኝ መጻፍ እውነተኛውንም ነጥብ ያበላሻል አሉ። 15ኛው ጠበቃውን የመንግሥት ሰው ናቸው ብሎ ዘለፋቸው። እሳቸው አልመለሱለትም።

በ16ኛው ላይ ግልባጩን አገኘሁና ወንድሜ የሰጠውን ቃል እንዳለ ለጠፍኩት። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦ «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ። ሰውየው በጨለማ ድንገት ስለገቡብኝ ላድናቸው አልቻልኩም። ጥፋተኛ ነኝ።»

ከዚህ በኋላ ክሩ ሌላ ክር ሆነ።

በ17ኛው ጠበቃው ተመለሱ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 134 የሚለው፣ ተከሳሹ በክሱ የተገለጸውን ነገር ሁሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ካመነ ፍርድ ቤቱ በዚያው ጥፋተኛ ሊለው ይችላል ነው። አንቀጽ 133 ደግሞ፣ ካመነ በኋላ «ግን» ካለ፣ በሌላ አነጋገር በመጠባበቂያ ካመነ፣ እንደ ካደ ይመዘገባል ይላል። የወንድሜ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ያች «ግን» ናት። ድንገት ገቡብኝ፣ ላድናቸው አልቻልኩም ማለት፣ ቸልተኛ አልነበርኩም ማለት ነው። ስለዚህ የእምነት ቃሉ መጀመሪያውኑ በትክክል አልተመዘገበም። በትክክል ያላመነን ሰው ደግሞ የአንቀጽ 185 ክልከላ አይመለከተውም። አንቀጽ 135 ላይም፣ ዳኛው በክርክሩ መሐል ቃሉ እምነት እንዳልነበረ ከተረዱ ወደ ክህደት ሊለውጡት ይችሉ እንደነበር ጨመሩ። አንቀጽ 134 እንኳ ዳኛው ከእምነቱ በኋላ ማስረጃ እንዲሰማ ማዘዝ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ፕላኑ በዚያ ቀን ቢጠየቅ ኖሮ ይታይ ነበር።

18ኛው ሌላ ጠበቃ ናቸው፤ ተቃወሙ። የመጨረሻው ቃል ጥፋተኛ ነኝ ነው። ዳኛው ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይ፣ ጥፋተኛ ነህ ወይ የሚሉትን ሁለቱንም ጥያቄ ጠይቀዋል፤ ተከሳሹ ሁለቱንም መልሷል። መሐሉ ላይ ያለው ቅጣት እንዲቀልለት የተናገረው ነው ተብሎ ቢተረጎም አይገርምም አሉ። ከዚያ ማንም ያላነሳውን አነሱ። የጥፋተኛነቱ ፍርድ ተሽሮ ጉዳዩ እንደገና ይሰማ ቢባል፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ይመጣል። ፍጥነቱ ይመረመራል። ቸልተኝነቱ በምስክር ከተረጋገጠ፣ ማመኑ ያስገኘለትን ማቅለያ ያጣል። ዐቃቤ ሕግም ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ ማለት የሚችል ወገን ነው። ልጁ ይህን አውቆ ይወስን እንጂ በተስፋ ብቻ አትግፉት አሉ።

ይህ መልስ የመረረ ቢመስልም ለእኔ ከጣፋጮቹ ሁሉ በልጦብኛል። ለወንድሜ እንዳለ አነበብኩለት። በ19ኛው የመጀመሪያው ጠበቃ ባልደረባቸው ልክ መሆናቸውን አመኑና ሁለቱን ነጥቦች በአንድ ማመልከቻ አማራጭ አድርጎ ማቅረብ እንደሚቻል ጻፉ። በቅድሚያ፣ የእምነት ቃሉ የተሟላ ስላልሆነ ጥፋተኛነቱ ይሻር። ይህ ከታለፈ፣ ቅጣቱ ይቀነስ ወይም በገደብ ይሁን። ለቅጣቱ ነጥቡ ብዙ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ጥፋትን ማመንን፣ ለተጎጂ መድረስን፣ የቀድሞ መልካም ጠባይን ማቅለያ ያደርጋቸዋል። ወንድሜ ሪከርድ የለበትም። አልሸሸም። ለሟቹ ቤተሰብ ካሳ ሰጥቷል። ፍርዱ ላይ ግን የተጠቀሰው ማመኑ ብቻ ነው። ሁለቱ ጠበቆች ሳይተዋወቁ፣ ሳይሰዳደቡ እንዲህ መነጋገራቸው ደስ አለኝ።

20ኛው ከቨርጂኒያ፣ ከአሌክሳንድሪያ ነው የመጣው። ፍርድ ቤት ውስጥ በአስተርጓሚነት የሚሠራ ወንድማችን ነው። አሜሪካ ያለነው ሰዎች ጉዳይ ከዚህ ይብሳል አለ። እዚያ አብዛኛው ሰው በፕሊ፣ ማለትም ጥፋተኛ ነኝ ብሎ በማመን ነው የሚፈረድበት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 በጻፈው ፍርድ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከሚፈረደው 97 በመቶ፣ በስቴት ደግሞ 94 በመቶው በእምነት ቃል እንደሆነ ጠቅሷል። ዜግነት የሌለው ሰው ታዲያ ስድስት ወር ታስሬ ልውጣ ብሎ ይፈርምና ሲወጣ ኢሚግሬሽን በር ላይ ይጠብቀዋል። ቅጣቱ ቀላል ነው፤ መዘዙ ከአገር መባረር ነው። የሆዜ ፓዲያን ጉዳይ ተረከልን። ሰውየው ከሆንዱራስ የመጣ፣ ከ40 ዓመት በላይ በሕጋዊ መንገድ የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ የዘመተ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ኬንተኪ ውስጥ ማሪዋና ጭኖ ተያዘ። ጠበቃው ይህን ያህል ዘመን ስለኖርክ ስለ ኢሚግሬሽን አትስጋ አለው። አመነ። ከዚያ የመባረር ጉዳይ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ጠበቃ ለደንበኛው ማመኑ ሊያስባርረው እንደሚችል የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ። ሹፌር መሆኑን ሳነብ ወንድሜ ትዝ አለኝ።

ከ21 እስከ 23 ያሉት አሜሪካ ቀሩ። አንዱ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ስላመነበት ጉዳይ ግሪን ካርዱን ያጣ እንደሆነ ጠየቀ። ሌላው ከ2010 በፊት ያመነ ሰው በዚያ ፍርድ ይጠቀም እንደሆነ ጠየቀ። አስተርጓሚው እ.ኤ.አ. በ2013 በተሰጠ ሌላ ፍርድ ወደኋላ እንደማይሠራ መወሰኑን ነገረው። ለራስ ጉዳይ ግን የኢሚግሬሽንም የወንጀልም ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ፈልጉ፤ የቡና ወሬ ይዛችሁ ችሎት አትቁሙ አለ። ልክ ነው። እዚህ የተጻፈውም ያንን አይተካም።

24ኛው ከለንደን ነው። የእንግሊዝን የፖስታ ቤት ጉዳይ ጠቀሰ። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ኮምፒውተር ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሙ የሌለ ጉድለት ያሳይ ነበር። የየሰፈሩ ፖስታ ቤት ኃላፊዎች ገንዘብ ሰረቃችሁ ተብለው ተከሰሱ። ብዙዎቹ አመኑ። ጆ ሃሚልተን የምትባል የአንድ መንደር ፖስታ ቤት ኃላፊ፣ የስርቆቱ ክስ ይነሳልሽ ተብላ ሒሳብ በማጭበርበር ጥፋተኛ ነኝ አለች። ሳትሰርቅ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የ39 ሰዎችን ፍርድ ሻረ። የእሷም ከነሱ አንዱ ነው። ያመኑም ያላመኑም አብረው ነጻ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ፓርላማው በሕግ የብዙ ሌሎችን ፍርድ ሻረላቸው። ሰው ያላጠፋውን አያምንም ለሚሉ ለ2ኛውና ለ3ኛው መልሱ ይህ ነው ብሎ ዘጋ። 3ኛው ግን ተመልሶ መጥቶ፣ ያ የኮምፒውተር ስህተት እንጂ የመኪና አደጋ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ተገቢ ክርክር ነው። ፍሬኑ የያዘበትን ቦታ ኮምፒውተር አያጠፋውም።

26ኛው ላይ አንድ አዛውንት ገቡ። ስለ በላ ልበልሃ አወሩ። ድሮ ዛፍ ሥር፣ መንገድ ላይ፣ ሁለት ባለጉዳዮች ነጠላቸውን አሸንፍጠው በዜማ እየተሟገቱ ሲረቱና ሲረታቱ አባታቸው አይተዋል። በሕግ አምላክ ከተባለ ማንም ሰው ባለበት ይቆም ነበር አሉ። መከራከር ነውር የሆነው መቼ ነው ብለው ጠየቁ። ከርዕሱ የወጣ መሰለኝ መጀመሪያ። በኋላ ሳስበው ከሁሉ ይልቅ ርዕሱን የያዙት ጋሼ ናቸው። ሙግት እኮ ባህላችን ነበር። አፍ ያለው አፉን ይዞ፣ አፍ የሌለው ነገረ ፈጅ ይዞ ይቆም ነበር።

ከ27 እስከ 30 ያሉት ባይኖሩ እመርጥ ነበር። አንዱ በውስጥ መስመር አናግሪኝ፣ ሰው አለኝ፣ በብር ይጨረሳል አለ። ሰዎች ወረዱበት። 6ኛዋ እህት ያን ጊዜ ነው ዝምታዋን የሰበረችው። የአባቷ ገዳይ የወጣው እንደዚህ ባለ ሰው በኩል እንደሆነ ጻፈች። የክሩ አስተናጋጅ መልሱን አጠፋው። ሌላ ሰው ደግሞ አቅም ለሌለው ሰው መንገድ አለ ብሎ አስታወሰ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽ መንግሥት እንዲያቆምለት መጠየቅ ይችላል። የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ወንድሜ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እንዲጠይቅም የነገረው አልነበረም።

31ኛዋ ሪያድ ትሠራ የነበረች እህት ናት። ፖሊስ ጣቢያ በአረብኛ የተጻፈ ወረቀት ላይ አሻራዋን አደረገች። ውጪ እንድትወጣ የሚፈቅድ ወረቀት መስሏት ነበር። የእምነት ቃል ነው። አራት መስመር ብቻ ነው የጻፈችው። ማንም የሚመልስላት ቃል አላገኘም። ልባችን ከእሷ ጋር እንደሆነ የሚገልጹ ብዙ አጫጭር መልሶች ተከተሉ።

38ኛው እንደገና የእኔ ነው። ወንድሜ ወሰነ። ሁለቱም ነጥቦች ይቅረቡ አለ። እንደገና ብትሰማ የባሰ ሊመጣ ይችላል ስለው፣ ቸልተኛ ከነበርኩ በምስክር ፊት ይነገረኝ፣ ካልነበርኩም ልወቀው አለኝ። በሌሊት የሚያቃዠው ይህ ጥያቄ ነው። ማመልከቻው ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ገባ። ዳኞቹ መዝገቡን አይተው ያስቀርባል አሉ። ዐቃቤ ሕግ መልስ እንዲያቀርብ ታዘዘ፤ ፕላኑ ከሥር መዝገቡ ጋር እንዲመጣም ተባለ። ያስቀርባል ማለት ረታን ማለት እንዳልሆነ ጠበቃው በ39ኛው አስጠነቀቁኝ። ጉዳዩ ለክርክር የሚበቃ ነው ማለት ብቻ ነው። ይህ በር እንኳ ቢዘጋ፣ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ የሚል ሰው ወደ ሰበር ችሎት የሚሄድበት መንገድ እንዳለም ነገሩኝ። 2ኛው ተመልሶ መጣና እንኳን ደስ ያለሽ አለ። ሌላ አልጨመረም። እኔም አመሰገንኩት።

ከ40 እስከ 44 ያሉት ስለ ረጅም መብራትና ስለ ማታ ጉዞ የሹፌሮች ጨዋታ ነው። የሐዋሳው ሹፌር ማታ መንዳት ትቻለሁ አለ።

45ኛዋ ያችው እህት ናት፤ 6ኛዋ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። የሟቹ ቤተሰብ ቀጠሮውን ያውቁታል ወይ?

አያውቁም ነበር። እውነቱን ለመናገር አላሰብኩትም። እሁድ ከእናቴ ጋር ሄድን። ባለቤታቸው ቡና አፈሉልን። ይግባኙን ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኛ ይስሙ ብለን፣ ምን እንደጠየቅን፣ ለምን እንደጠየቅን ሳንሸሽግ ነገርናቸው። እሳቸው ዝም ብለው ሰሙ። የበኩር ልጃቸው የቀጠሮውን ቀን ስልኩ ላይ ጻፈ። ከዚያ ፖሊስ እስኪመጣ አባቱ አጠገብ መሬት ላይ የተቀመጠው ሹፌሩ ራሱ እንደሆነ ጠየቀኝ። እሱ ነው አልኩት። የምን ሰዓት ነው ችሎቱ አለኝ። ጠዋት 3 ሰዓት አልኩት።

46ኛው መልስ ይህ ነው።